«ነጩ መጽሐፍ» ውስጥ ነጭ ምን ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሃን ካንግን የሐዘን ልብ ወለድ ያነበቡም ሊያነቡ የሚያስቡም ሰዎች ስለ ነጭ ቀለም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?

ደራሲዋ ደቡብ ኮሪያዊቷ ሃን ካንግ ናት። በ1970 ጓንግጁ ከተማ ተወለደች፤ በ2024 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አገኘች። «ነጩ መጽሐፍ» በ2016 በኮሪያ ቋንቋ ታትሞ በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፤ በ2018 ለዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ከደረሱት መጻሕፍት አንዱ ነበር።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ተራኪዋ ከመወለዷ በፊት እናቷ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ ተወለደች፣ ሁለት ሰዓት እንኳን ሳትሞላ ሞተች። ስም አልወጣላትም፣ ፎቶግራፍ የላትም፣ ከእናትና ከአባት በቀር ያያት ሰው የለም። ተራኪዋ ካደገች በኋላ ርቃ በሄደችበት በአንድ የባዕድ ከተማ ተቀምጣ ይህችን ያላየቻትን እህቷን ታስባለች፣ ታዝናለች። የምታዝነውም ነጭ የሆኑ ነገሮችን አንድ በአንድ እያነሣች ነው።

ለምን ነጭ? የሐዘን ቀለም ጥቁር አይደለም እንዴ?

ከል የለበሰ ሰው ባየን ቁጥር «ማን ሞተባት?» ብለን ለምንጠይቅ አንባቢዎች ጥያቄው ተገቢ ነው። በኮሪያ ግን የለቅሶ ልብስ ለዘመናት ነጭ ወይም ማቅለሚያ ያልነካው ሻካራ ጨርቅ ነበር። ዛሬ በሴኡል የለቅሶ አዳራሾች ጥቁር መልበስ ቢለመድም የነጩ ልብስ ትዝታ በቋንቋውም በሥርዓቱም ውስጥ አለ። ኮሪያውያን ቀድሞ በአዘቦቱም ቀን ነጭ ይለብሱ ስለነበር «ነጭ የሚለብስ ሕዝብ» ይባሉ ነበር፤ ስለዚህ ነጭ ለእነሱ የዕለት ልብስም የለቅሶ ልብስም ነው።

ደግሞም ነጭ ለእኛ ሐዘን ባዳ አይደለም። ለቀስተኛዋ ቀሚሷ ጥቁር ቢሆንም የምትደርበው ነጠላ ነጭ ነው፤ ለቅሶ ላይ መሆኗን የሚናገረው ነጠላውን ዘቅዝቃ መልበሷ ነው። ሟች የሚጠቀለልበት ጨርቅም፣ በክርስቲያኑ ዘንድ መግነዝ በሙስሊሙ ዘንድ ከፈን፣ ነጭ ነው። በእኛ ልማድ ጥቁሩን የሚለብሰው ቋሚው ነው፣ ነጩን ለብሶ የሚሄደው ሟቹ ነው። ሃን ካንግ ይህን ድንበር ታነሣዋለች፤ በመጽሐፏ ውስጥ ቋሚዋም ሟቿም ያሉት በአንድ ነጭ ውስጥ ነው።

ታዲያ ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው ማለት ይበቃል?

አይበቃም፤ ብዙ አንባቢ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ንጽሕና በመጽሐፉ ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም። ተራኪዋ ለእህቷ ከጭካኔው፣ ከተስፋ መቁረጡና ከቆሻሻው በፊት ንጹሕ ነገሮችን ማሳየት እንደምትፈልግ በግልጽ ትናገራለች። ይሁን እንጂ የምታሳያት ነጭ ነገር ሁሉ ወይ ሊቀልጥ ወይ ሊቆሽሽ ወይ ሊበተን ደርሶ ነው የምናገኘው። በጥቁር ካፖርት እጅጌ ላይ ያረፈች የበረዶ ቅንጣት ስድስት ማዕዘኗ ለዓይን ከመታየቱ ትጠፋለች። ከአፍ የሚወጣው እንፋሎት በብርዱ አየር ላይ ነጭ ሆኖ ይታይና ይበተናል።

ስለዚህ እኔ ነጭን በዚህ መጽሐፍ የማነበው ሊጠፋ የተቃረበ ነገር ምልክት አድርጌ ነው። ንጹሕ የሆነው ነገር ዋጋ ያገኘው እንደማይቆይ ስለምናውቅ ነው። ሁለት ሰዓት ያልሞላ ዕድሜ በዚህ መለኪያ ሲታይ «ትንሽ» አይባልም።

መጽሐፉ ሲጀምር የሚመጣው የነጭ ነገሮች ዝርዝር ምን ይሠራል?

ተራኪዋ ስለ ነጭ ነገሮች ለመጻፍ በወሰነችበት የጸደይ ወቅት መጀመሪያ ያደረገችው ዝርዝር መጻፍ ነው። የሕፃን መጠቅለያ፣ የአራስ ልጅ ቀሚስ፣ ጨው፣ በረዶ፣ ጨረቃ፣ ሩዝ፣ ማዕበል፣ ባዶ ወረቀት፣ ነጭ ውሻ፣ ሽበት፣ መግነዝ። ልብ ብለው ይዩት፤ ከመጠቅለያ ተነሥቶ መግነዝ ላይ ያበቃል። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ነው፤ ሽበት ሳይቀር አለበት። ለእህቷ ያልተሰጣት ዕድሜ ከዝርዝሩ ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ዝርዝሩን በአጫጭር ክፍሎች ይፈታዋል፤ አንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ አይሞላም። በገጾቹ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ የተተወው ቀለም ለመቆጠብ አይደለም፤ ባዶው ወረቀትም ከዝርዝሩ አንዱ ነው።

የሕፃኗ ቀሚስና መጠቅለያ ለምን ተመልሰው ተመልሰው ይመጣሉ?

የመጽሐፉ ልብ እዚያ ስለሆነ። እናትየው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት፤ ባሏ በሚያስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት አቅራቢያ በምትገኝ ብቸኛ ቤት ይኖራሉ። የመውለጃዋ ጊዜ ገና ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ማለዳ የሽርት ውሃዋ ይፈስሳል። ክረምቱ መግባቱ ነው፣ ውርጭ ጥሏል። ባሏ ከሥራ የሚመለሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ የመንደሩ ስልክ ያለው የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቆ ነው። እየዳኸች ወደ ማድ ቤት ትገባለች፣ ውሃ አፍልታ መቀስ ትቀቅላለች። ከስፌት ሣጥኗ ነጭ ጨርቅ ታገኛለችና በምጥ መሃል፣ እያለቀሰች፣ የሕፃን ቀሚስ ትሰፋለች። ብቻዋን ትወልዳለች፣ ዕትብቱንም ብቻዋን ትቆርጣለች። ደም የነካትን ልጅ ቀሚሱን አልብሳ ታቅፋትና «አትሙቺ፣ እባክሽ አትሙቺ» ትላለች። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ወደ እናቷ ድምፅ ታያለች። ከዚያም ትሞታለች።

አባት ሲመጣ ልጁን ይዞ ብቻውን ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ቀሚሱ መግነዝ፣ መጠቅለያው ደግሞ የሬሣ ሣጥን ይሆናል። አንድ ጨርቅ፣ በአንድ ቀን፣ የልደትም የሞትም ልብስ ሆነ። ደራሲዋ «ነጭ ልደትና ሞት ነው» ብላ መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ጨርቁን አስይዛን ትሄዳለች።

ከዚህ ጋር አብራችሁ ማንበብ ያለባችሁ ስለ ጡት ወተት የምታወራው ክፍል ናት። ሕፃኗ ከሞተች በኋላ የእናትየው ጡት ያግታል። መጀመሪያ ቢጫ ያዘለ ቀጭን ፈሳሽ፣ ከዚያ ነጭ ወተት። የእናት ገላ የሞቱን ወሬ ገና አልሰማም። ከመጽሐፉ ነጮች ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ሌሎቹ የሚጠፉ ነጮች ናቸውና፣ ይህ ግን ማንም ሳይፈልገው የሚመጣ ነጭ ነው።

ስሟ ያልተጠራችው ከተማ የቷ ናት? ከእህቷ ሞት ጋርስ ምን ያገናኛታል?

የፖላንዷ ዋርሶ ናት፤ ሃን ካንግ በ2014 የተወሰነ ጊዜ ኖራባታለች። የ1944ቱ የዋርሶ ሕዝባዊ አመፅ ከከሸፈ በኋላ ናዚዎች ከተማዋን ሆን ብለው፣ ሠፈር በሠፈር እያቃጠሉና እያፈረሱ አወደሟት። ተራኪዋ በ1945 ከአሜሪካ አውሮፕላን ላይ የተነሣ ፊልም ታያለች። ከሩቅ ከተማዋ በረዶ የለበሰች ትመስላለች። አውሮፕላኑ ሲጠጋ ነጭ የመሰለው በረዶ ሳይሆን የፈረሰ ድንጋይ መሆኑ ይታያል። ነጭ እዚህ ላይ ውበት መሆኑ ያበቃል፤ የጅምላ ጥፋት ቀለም ነው።

ግንኙነቱ የሚመጣው ከመልሶ ግንባታው ነው። የከተማዋ ሰዎች የተረፈውን የግድግዳ ጉማጅ ሳይጥሉ አዲሱን በላዩ ቀጠሉበት፤ የአሮጌውና የአዲሱ መጋጠሚያ ይታያል። ተራኪዋ ይህን ስታይ ስለ አንድ ሰው ታስባለች፤ አንድ ጊዜ ሞቶ በፍርስራሹ ላይ እንደገና ስለታነጸ ሰው። የራሷ ሕይወት በእህቷ ሞት ላይ የተሠራ መሆኑን የምትረዳው በዋርሶ ግድግዳዎች በኩል ነው። በዚሁ ከተማ ተወልዶ በሌላ አገር ያደገ፣ በአይሁድ ጌቶ (ናዚዎች አይሁዳውያንን ባጎሩበት የታጠረ ሠፈር) ውስጥ በስድስት ዓመቱ የሞተ ወንድሙ ነፍስ አብራው እንደኖረች የሚናገር ሰው ታሪክም ታነብባለች፤ «እኔንስ እህቴ መጥታብኝ ታውቅ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል።

በሩን ነጭ ቀለም የቀባችበት ክፍል ምን ለማለት ነው?

ተራኪዋ የተከራየችው ቤት የብረት በር ላይ የክፍሉ ቁጥር፣ 301፣ በስለት ተቧጥሮ ተጽፎበታል። ጭረቱ ዝጎ ዝገቱ የደረቀ ደም መስሎ ወርዷል። ነጭ ቀለምና ብሩሽ ገዝታ ትቀባዋለች። ብዙዎች ይህን «ያለፈውን መሸፈን» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከእናትየው ስፌት ጎን አድርጌ ነው የማየው። እናት በደምና በጭንቅ መሃል ነጭ ቀሚስ ሰፋች፤ ልጅ ደም በሚመስል ዝገት ላይ ነጭ ቀለም ቀባች። ሁለቱም በእጅ የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጉዳቱን አያስቀሩም። ጭረቱ ከቀለሙ ሥር አለ።

ጨው፣ ሩዝ፣ በረዶ፣ ጭጋግ፦ ሁሉም አንድ ትርጉም ነው ያላቸው?

የላቸውም፤ አንድ ለማድረግም መሞከር የለብንም። ጨው ምግብን ከመበስበስ የሚያድን፣ ቁስል ላይ ሲደርስ ግን የሚያቃጥል ነጭ ነው። ከተቀቀለ ሩዝ የሚነሣው እንፋሎት ሕይወት ያለበት ነጭ ነው፤ ፊቱ የተቀመጠው ሰው የሚጸልይ ይመስላል። ጭጋግ ከተማን ከነሰዎቿ የሚውጥ ነጭ ነው። ሩዙ ደግሞ ከሟቿ ጋር ይገናኛል፤ እናትየው የሕፃኗን ፊት ስታስታውስ የጨረቃ ቅርጽ ካለው ነጭ የሩዝ ቂጣ ጋር ታመሳስለዋለች። ተራኪዋ ስለ እህቷ መልክ ካላት ጥቂት መረጃ አንዱ ይህ ነው። አንድ ቂጣ ባየች ቁጥር የእህቷን ፊት ታያለች ማለት ነው።

በነጩ መሃል ጥቁር ነገር የለም?

አለ፤ በጣም ጥቂት፣ በቦታው። ዋነኛው ሕፃኗ አንድ ጊዜ የገለጠቻቸው ጥቁር ዓይኖች ናቸው። በነጭ ጨርቅ፣ በነጭ ፊት፣ በውርጭ ማለዳ መሃል ሕይወት የነበረው በእነዚያ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ያለው ፊደልም ጥቁር ነው። ይህን የሚያስተውል አንባቢ «ነጭ ሕይወት፣ ጥቁር ሞት» የሚለውን ልማድ መጽሐፉ እንዴት እንደገለበጠው ያያል።

ልብ ወለድ ነው ወይስ የራሷ ሕይወት ታሪክ?

የሕፃኗ ሞት በደራሲዋ ቤተሰብ የደረሰ እውነት ነው። መጽሐፉ ግን ልብ ወለድ የሚሆነው በሁለተኛው ክፍል ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ «እኔ»፣ «እሷ»፣ «ነጭ ሁሉ»። በ«እሷ» ውስጥ በከተማዋ የምትመላለሰው፣ በረዶውን የምታየው፣ ራስ ምታት የሚያስቸግራት ሴት ተራኪዋ ትመስላለች። አይደለችም፤ ወይም ብቻዋን አይደለችም። ተራኪዋ ሰውነቷን፣ ዓይኗንና ቀኖቿን ለሟቿ እህቷ አውሳታለች። ያቺ ሁለት ሰዓት ያልሞላት ሕፃን ኖራ ቢሆን የምታየውን ታያለች። ይህ በሕይወት ታሪክ ሊደረግ አይችልም፤ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚችለው። ሁለተኛውን ክፍል «ምንም አይከሰትበትም» ብለው የሚዘልሉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እህቲቱ በሕይወት ያለችበትን ብቸኛ ቦታ እንደዘለሉ ግን ልብ አይሉም።

በሌሎች የሐዘን ልብ ወለዶች ቀለም እንዲህ ይሠራል?

በየፊናው ነው። የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» (1987) ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ በዚያም የሞተችው ሕፃን ልጅ ናት። አያቲቱ ቤቢ ሰግስ ሐዘን አድክሟት አልጋ ላይ ስትውል የምትለምነው ቀለም ነው፤ በደበዘዘው ቤት ውስጥ ደምቀው የሚታዩት የብርድ ልብሷ ሁለት ብርቱካናማ ቁራጮች ናቸው። ሴት (Sethe) የምትባለው እናት ግን የሕፃኗን የመቃብር ድንጋይ ሮዝ ፍንጣሪ ካየች ወዲህ ቀለም አስተውላ አታውቅም። እዚያ ሐዘን ቀለምን ይነጥቃል፣ የተረፈውም ይራባል። በ«ነጩ መጽሐፍ» ሐዘን አንድ ቀለም ይመርጥና ሌላውን ሁሉ በእሱ ውስጥ ይፈልጋል።

ሃን ካንግ ራሷ በ2021 በታተመው «አንለያይም» በተባለው ልብ ወለዷ ወደ በረዶ ተመልሳለች። እዚያ በረዶው የሚጥለው ከ1948 ጀምሮ በደቡብ ኮሪያዋ ጄጁ ደሴት በተጨፈጨፉ ሰዎች ፊት ላይ ነው። ሬሣ ስለማያቀልጠው በረዶው ፊታቸው ላይ ይረጋል፤ ዘመዶቻቸውን የሚፈልጉ እህትማማቾች በረዶውን እየጠረጉ ፊት ይለያሉ።

ስለ ነጭ ትእምርትነት ጽሑፍ ልጽፍ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

«ነጭ ይህንን ይወክላል» ብለው የሚጀምሩ ጽሑፎች ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይደርቃሉ፤ የቀረው ማስረጃ መደርደር ብቻ ይሆናልና። ከዚያ ይልቅ ነጩ ነገር ምን እንደሚሆን ተከታተሉ፦ ማን ያዘው? ማን ሰፋው? ቀለጠ፣ ተቀበረ ወይስ ተቃጠለ? ለምሳሌ የተራኪዋ ወንድም ሲያገባ ለወላጆች ልብስ ይሰጣል፤ በልማዱ ለሕያው ሐር፣ ለሟች ጥጥ ነው። ለሞተችው እናታቸው የተዘጋጀው ነጭ የጥጥ ልብስ እንዲደርሳት ይቃጠላል። ለሕፃኗ የተሰፋው ነጭ ልብስ አፈር ገባ፣ የእናትየው ነጭ ልብስ ጭስ ሆነ። ይህን ያየ ተማሪ የራሱ ሐሳብ ይዞ ይጽፋል።

ተራኪዋ የተወለደችው እህቷ ስለሞተች ነው። ታዲያ ነጭ መጽናኛ ነው ወይስ ጸጸት?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ከሕፃኗ በኋላ የተወለደው ወንድ ልጅም ሳይቆይ ሞቷል። ሁለቱ ቢኖሩ ኖሮ ወላጆቿ ሌላ ልጅ አይሹም ነበር፤ ተራኪዋም ይህን በቀጥታ ለእህቷ ትነግራታለች፦ አንቺ ብትኖሪ እኔ አልኖርም፣ እኔ ካለሁ አንቺ የለሽም። አንድ ሕይወት ለሁለት ሰው አልበቃም። ብዙ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፉን የይቅርታ ልመና ያደርገዋል። እኔ አልቀበለውም። ተራኪዋ ያላጠፋችውን ጥፋት አትናዘዝም፤ በሕይወት መቆየቷንም እንደ ዕዳ አትከፍልም። የምታደርገው መስጠት ነው። ዝርዝሩ ሁሉ ስጦታ ነው፤ ጨውም፣ በረዶም፣ ሩዝም።

ስትሰናበታትም የምትመርጠው ቃል አዲስ አይደለም። እናታቸው ማድ ቤት ወለል ላይ ያለችውን፣ ሕፃኗ ቋንቋ ሳታውቅ የሰማችውን «አትሙቺ» የሚለውን ቃል በነጭ ወረቀት ላይ በኃይል ተጭና ትጽፋለች፤ «ኑሪ» ብላም ትጨምርበታለች። ለሞተ ሰው «አትሙቺ» ማለት ቢመረመር ትርጉም የለውም። ሆኖም እናትየው ስትለው ልመና የነበረ ቃል ልጅ ስትለው የምርቃት ቃል ሆኗል። ነጭ ያጽናናል ከተባለ የሚያጽናናው ይህን ቃል የሚጻፍበት ቦታ በመስጠቱ ነው፤ ሞቱን ግን አንድም ገጽ ላይ አያቃልለውም።